ከአየር አገር የመጡ ለቀስተኞች

አንዳንድ ሰው እምቢ ማለት ያውቃል፤ ታድሏል። የኔ "እምቢ" ግን ከሆዴ ተነስታ ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ "እሺ" ሆና ትወጣለች። በዚህ ጠባዬ የማላውቀው ሙሽራ ሚዜ ሆኜ ቆሜአለሁ። የሰው በሬ ገበያ ወስጄ ሸጫለሁ። አንድ ጊዜማ ያልተጠራሁበት ስብሰባ ተሳስቼ ገብቼ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው "ተነስ እንጂ፣ ተራው ያንተ ነው" ስላለኝ ብቻ ባልሠራሁት ጥፋት ግለ ሂስ አድርጌ ተጨብጭቦልኛል። ከሁሉም ግን ለሲስተር ኖራ ቀብር ያልኳት እሺ ናት እስከ ዛሬ ጀርባዬን ቀዝቀዝ የምታደርገኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ መካነ ሰላም ተመድቤ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሽ ደምሴ በንጉሡ ጊዜ ባሕር ማዶ ለትምህርት ተልከው፣ ጓደኞቻቸው ዲፕሎማ ይዘው ሲመለሱ እሳቸው ሚስት ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሚስትየዋ ሲስተር ኖራ ናት። "ናት" ስል ደፍሬ አይደለም። "እርስዎ" ያላትን ሰው "እኔ አንድ ነኝ፤ ምን ታበዛኛለህ?" ብላ ስለምትቆጣ ከተማው በሙሉ አንቺ ይላት ነበር። ከዚህ የባሰ የምትቆጣው እንግሊዝ ናት ሲሏት ነው። "አየርላንድ!" ትላለች ጠረጴዛ እየመታች። "አየርላንድ!"

ጣጣውን ያመጣው ይሄ ጩኸቷ ነው። ትንሽ እንግሊዝኛ የቀመሰ አንድ ጨው ነጋዴ ገበያ መሐል ቆሞ ተረጎመው። "ላንድ ማለት አገር ነው። አየርማ ያው አየር ነው።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ኖራ የአየር አገር ሰው ሆና ቀረች። አየር ላይ የሚኖሩት እነማን እንደሆኑ ደግሞ በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ ስማቸውን ጠርቶ የሚደፍር ነው የሌለው። የሷም ነገር አላገዘም። ፀጉሯ ፍም ይመስላል። ፊቷ ቀይ ጤፍ የተዘራበት ነው። ክረምት ጉሙ ከገደል ሥር እየተግተለተለ ሲወጣና ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ፣ እሷ ቆብ ያለው ጥቁር የዝናብ ካፖርቷን አጥልቃ፣ ቦቲዋን አድርጋ ትወጣለች። ደግሞ ታፏጫለች! ሴት ልጅ፣ ጉም ውስጥ፣ ፉጨት! ከፍ ትልና ቀስ ብላ የምትወርድ፣ ስንብት የምትመስል አንዲት ዜማ ነበረቻት።

ግን አዋላጅ ናት። ምጥ የያዛት ሴት ያቺን ፉጨት ከሩቅ ስትሰማ "መጣችልኝ" ብላ ትረጋጋለች። ስለዚህ መካነ ሰላም ኖራን ይፈራትም ይወዳትም ነበር። ክርስቲያኑ በክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል፣ እስላሙ ኑሪያ ይላታል። ጉም ውስጥ ሲያገኛት ግን ያም ይሄም መንገድ ቀይሮ ያልፋታል።

መስከረም ላይ ሳንባዋን ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የሞተች ለት ቀትር ላይ ጋሽ ደምሴ ጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን የረጋ ነው።

"ልጄ፣ ኖራ አንድ ነገር ትፈራ ነበር" አሉኝ። "ሞትን እንዳይመስልህ። ቀብሯ ላይ የኔ ወገን የምትለው አንድ ሰው አለመኖሩን ነው። 'ሰው የሚያለቅሰው ላንተ ብሎ ነው፤ ለኔ ብሎ የሚያለቅስ ማን አለ?' ትለኝ ነበር።"

"ከተማው በሙሉ አለ እንጂ ጋሼ።"

"እኔም እንደሱ ብያት ሳቀችብኝ። 'እንግዲያው አበባ አድርግልኝ፤ እሱ ወገን ይሆነኛል' አለች። በነሱ አገር ሳጥን ላይ አበባ ይደረጋል። ዝም ብሎ አበባም አይደለም፤ ያገራቸው ነገር በአበባ ተሠርቶ ነው። አንዷ ሦስት ቅጠል ያላት ሣር ናት፤ የኛ ማገጥ ማለት ናት። ሌላው በገና ነው።"

"በገና?"

"ያገሯ ዓርማ ነው። ከዚያ አረንጓዴ፣ ነጭና ብርቱካንማ ጥብጣብ ይታሰርበታል። ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው። አንተ ካርታ ስለምትሥል ይሄ አያቅትህም።"

ካርታ መሣልንና በገና መሥራትን ምን አገናኛቸው? ልላቸው ነበር። "እሺ" አልኩ።

የአብዮት በዓል ገና ማለፉ ነው። በከተማው የነበረ አበባ ሁሉ ተለቅሞ ለበዓሉ መድረክ ገብቷል። ጉንጉን የሚባለውም ነገር ለአብዮቱ ሰማዕታት እንጂ ለአዋላጅ ሲደረግ ታይቶ አይታወቅም። ማገጥ ግን ማንም አልነካውም፤ ከብት እንጂ ካድሬ አይፈልገውማ። በማግስቱ ጠዋት ዘንቢል አንጠልጥዬ ከከተማው በታች ወዳለው ረግረጋማ ጨፌ ወረድኩ።

ጨፌው መሐል ስደርስ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ዋጠኝ። እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ አይታዩኝም። ጎንበስ ብዬ በዳሰሳ ማገጥ ስነጭ ፉጨት ሰማሁ። ያቺው ከፍ ብላ የምትወርደው ዜማ። ወፍ ነው አልኩ ለራሴ። ወፉ ግን ልክ ኖራ ትንፋሽ ትወስድበት የነበረው ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ወሰደ።

ቀና ስል፣ ቆብ ያለው ጥቁር ካፖርት ከጉሙ ውስጥ ወደኔ ይመጣል። ቦቲው ውኃው ላይ ቸብ፣ ቸብ ይላል።

የደነገጠ ሰው ይሮጣል፤ እኔም ሮጥኩ። የሮጥኩት ግን ወደ ረግረጉ ነበርና እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። ያኔ የማውቀውን ሁሉ ጠራሁ። በስመ አብ አልኩ። ያገሩ ነገር ነውና ቢስሚላሂም ጨመርኩበት። ካፖርቱ አልቆመም። በመጨረሻ ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!" የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስደርስ ቦታው እንዳልሆነ ገባኝና ዝም አልኩ።

"አብሽር! አብሽር ልጄ፣ እኔ ነኝ!" አለ ካፖርቱ።

ቆቡ ወደ ኋላ ሲገለበጥ እትዬ ዘይነባ ናቸው። እትዬ ዘይነባ የሰፈራችን የልምድ አዋላጅ፣ የኖራ የዘመናት ባልንጀራ ናቸው። አንዷ በመርፌና በመቀስ፣ አንዷ በቅቤና በዱዓ የከተማውን ልጅ ሁሉ አብረው ነው የተቀበሉት።

"ካፖርቱን ታማ ስትተኛ ሰጠችኝ" አሉኝ። "የማገጡንም ነገር ነግራኝ ነበር። አንተን ግን ምን ያስሮጥሃል?"

"ፉጨትዎ ነዋ! በሷ ካፖርት፣ በሷ ዜማ እያፏጩ መጥተው..."

እትዬ ዘይነባ አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ከፊት በኩል ጥርስ የሚባል ነገር የለም። "በምኔ ላፏጭ? እኔ እኮ አንተ ስታፏጭ ሰምቼ ነው ወዲህ የመጣሁት።"

"እኔ ማፏጨት አልችልም" አልኩ።

ተያየን። ጉሙ ውስጥ፣ ከሁለታችንም ራቅ ብሎ፣ ዜማው እንደገና ጀመረ።

"ያረቢ" አሉ እትዬ ዘይነባ ቀስ ብለው። ቆቡን መልሰው አጠለቁ። ክንዴን ይዘው ከረግረጉ ጎትተው አወጡኝና "በል ልቀም" አሉኝ። "ቀና ሳትል ልቀም። ሰው ሲያስጠብቃት አትወድም ነበር።"

ለቀምኩ። በትምህርት ቤቱ የልማት ዘመቻ ላይ ያየኝ ሰው ቢኖር እንዲያ ዓይነት ትጋት ከኔ መውጣቱን አያምንም ነበር። ዘንቢሉ እስከ አፉ ሲሞላ ፉጨቱ ቆመ። እትዬ ዘይነባ "በቃ ማለቷ ነው" ብለው ወደ ከተማው ቀደሙኝ። አንድ ጫማዬ ረግረጉ ውስጥ ቀርቷል። ተመልሼ ላውጣው የሚል ሐሳብ ግን ባጠገቤም አላለፈ።

ግቢያችን ስንደርስ ሥራ ጀመርን። የሦስቱ ቅጠል ነገር ቀላል ነበር፤ ሸንበቆ አጉብጠን ሦስት ልብ የመሰሉ ክቦች ሠራንና በማገጥ ሸፈንናቸው። በገናው ነው ያስቸገረን። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሥዬ ለጋሽ ደምሴ አሳየኋቸው። "ይሄ ቀንበር ነው" አሉኝ። ደግሜ ሣልኩ። "ይሄ አልጋ ነው።" ጨንቆኝ እንደገና ስሥል ወረቀቱን ዘቅዝቀው አዩና "ልጄ፣ ይሄ ኢጣሊያ ነው" አሉኝ። ካርታ የለመደ እጅ ምን ያድርግ?

ያወጡኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ጎረቤት ካለ ሸማኔ ቤት ጥጥ የሚነደፍባቸውን ደጋኖች ተውሰው መጡ። ደጋን ቀስት የመሰለ ጎባጣ እንጨት ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት የተወጠረበት ነው። ትልቁን ከትንንሾቹ ጋር አጋጥመን ስናስረው በገና ባይሆንም የበገና የአጎት ልጅ ሆነ። እንጨቱን በሐምራዊው የማገጥ አበባ ሸፈንነው። ጅማቶቹን እንዳሉ ተውናቸው። ከነጠላ ላይ ነጭ ቀደድን፤ አረንጓዴ ከአሮጌ መጋረጃ ተገኘ፤ ብርቱካንማ ጠፋ። እትዬ ዘይነባ የነጩን ግማሽ እርድ ውስጥ ነከሩት፤ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

ቄስ ታምሩ፣ የኖራ የነፍስ አባት፣ ሥራችንን እያደነቁ ሳለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አስፋው ገባ። ሰላምታ ሳይሰጥ ጥብጣቡን አነሳ።

"ቀዩ የት አለ?"

"የሟቿ አገር ባንዲራ ነው፣ ጓድ" አልኩ።

"ይሄ ሦስት ቅጠልስ የማን ድርጅት ምልክት ነው?"

"የድርጅት አይደለም" አሉ ቄስ ታምሩ ደስ ብሏቸው። "አንድ ዘንግ፣ ሦስት ቅጠል። ምሥጢረ ሥላሴ ናት።"

"ሃይማኖታዊ ቅስቀሳ!" አለና ወደኔ ዞረ። "አስተማሪው፣ አንተስ ምን ትላለህ? ሦስቱ የአብዮቱ ጠላቶች አይደሉም? ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም..."

"ወዛደሩ፣ አርሶ አደሩና ወታደሩ ናቸው፣ ጓድ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም።

ቅጠሉን አገላብጦ አየው። "ዘንጉስ?"

"ሰፊው ሕዝብ ነው።"

"በገናው?"

ጋሽ ደምሴ ከበሩ ደፍ ላይ ሆነው "አገሯ በእንግሊዝ ሥር ብዙ ዘመን ተጨቁኖ፣ ታግሎ ነፃ የወጣ አገር ነው" አሉ። "በገናው የዚያ ምልክት ነው።"

የጓድ አስፋው ፊት በራ። "ታዲያ እንዲህ አትሉም! ጭቁን ሕዝብ!" ቀብሩ ላይ ፀረ ኢምፔሪያሊስት ንግግር እንደሚያደርግ እዚያው አስታወቀ። በገናውን ማን ይዞ ከሬሳው ፊት እንደሚሄድም ወሰነ። በዓይኑ ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

"እሺ" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወጣን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አጀማመሩ ያማረ ነበር። ፀሐይ ወጥታ ጅማቶቹን አድርቃ ወጥራቸዋለች። ሳጥኑ ላይ የማገጡ ሦስት ቅጠል ተጋድሟል። እኔ የተውሶ ጫማ አድርጌ፣ በገናውን ደረቴ ላይ አቅፌ ከፊት እሄዳለሁ። ሕዝቡ ከኋላ ነው። ሬሳው ለፍትሐት ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ላይ፣ የባሕር ዛፉ ዳር ሜዳ ላይ፣ ሳጥኑ መሬት ተቀመጠ። ቄስ ታምሩ ጸሎቱን ሲጨርሱ ጓድ አስፋው ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ፊት ወጣ።

ያኔ ጉሙ መጣ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ነጭ ጫፉን ብቅ አድርጎ እንደ መንጋ እየተጋፋ ሜዳውን ወረሰው። ከጉሙ ጋር ነፋስ መጣ።

ድምፁ መጀመሪያ የንብ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወፈረ፤ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሰው መሰለ። እኔ ቄስ ታምሩ ናቸው አልኩ፤ ቄስ ታምሩ እኔ መስያቸው በግልምጫ አዩኝ። ድምፁ ደረቴን ሲያንቀጠቅጠው ነው ከበገናው እንደሚወጣ ያወቅሁት። ነገሩ ገብቶኛል። ነፋስ ነው፤ ጅማት ነው። ጥቁር ሰሌዳ ብታቆሙልኝ ሥዬ አስረዳችኋለሁ። ነፋሱ ቀጥ ባለ ጊዜ ድምፁ ለምን እንዳልቆመ ግን አትጠይቁኝ። ደግሞ ዝም ብሎ መጮህም አይደለም፤ ከፍ አለ፣ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ወገኖቿ መጡ!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። "የአየር አገር ሰዎች!"

ሕዝቡ ማፈግፈግ ጀመረ። ጓድ አስፋው ድምፁን ከፍ አደረገ። "ኢምፔሪያሊዝም..." አለ። በገናው መለሰለት። "ኢምፔሪያ..." አለ። በገናው ቀደመው። "ይውደም!" ብሎ ማን እንደሚወድም ሳይናገር በባሕር ዛፉ በኩል ሄደ። ልክ በዚህ ሰዓት እትዬ ዘይነባ ዘግይተው ኖሮ፣ ያን ጥቁር ካፖርት ከነቆቡ ለብሰው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን መግለጽ ይቸግራል። ነጠላ መሬት ላይ ቀረ፤ ጥላ ቀረ። ሳጥን ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ዛፍ ሥር ገብተው አንገታቸውን ብቻ አወጡ። እኔም በገናውን ጥዬ ልሮጥ ነበር፤ ጅማቱ የለበስኩት ኮት ቁልፍ ላይ ተጠምጥሞ አልለቅም አለኝ። ጀግንነቴን አንዲት ቁልፍ ናት የሠራችው።

ሜዳው ላይ ሳጥኑ ብቻውን ቀረ። አጠገቡ ጋሽ ደምሴ፣ ቄስ ታምሩ፣ እትዬ ዘይነባና እኔ፣ ከነሚያንጎራጉረው እቃዬ። ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። ባዶውን ሜዳ ዳር እስከ ዳር ያያሉ። ያኔ የምስቅበትም የምፈራበትም ነገር ጠፋኝ። ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን የፈራችው ነገር ይሄውና፣ በኔ እጅ ሆነ።

ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ ጉሙ ዞረው፣ የሩቅ ዘመድ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ አሉ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉ። "አገሩ ሩቅ ነው፤ መንገዱም አስቸጋሪ ነው። ደክሟችኋል። ቅረቡ። ልጃችሁ ይቻትና።"

በገናው ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ አወጣ።

እትዬ ዘይነባ ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞረው ጮሁ። "ምን ትገተራላችሁ? ወገን ከሩቅ አገር ለቅሶ ሲደርስ ተነስቶ አብሮ የማያለቅስ የት አገር ታየ? ሰው አይደላችሁም? ኑሪያ እኔ ልተኛ ብላ የቀረችበት ቤት አለ? ማነው በሷ እጅ ያልተወለደ ከመሐላችሁ?"

መጀመሪያ የወጣችው ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ናት። ቆም እያለች መጣችና ሳጥኑ ላይ ተደፋች። "እናቴ ኑሪያ! በጉም የምትመጪልኝ! አሁንስ ማን ያፏጭልኛል?" አለች። ከዛፍ ሥር ሌላዋ ጮኸች። ከዚያ ሌላ። እየፈሩ መጡ፤ እያለቀሱ መጡ። በልማድ ነው፤ የሩቅ ዘመድ ሲመጣ ለቅሶ ካዲስ ይጀመራል። ከተማው ይህን ያውቅበታል። ወንዶቹም አፍረው ሳጥኑን አነሱ። እንዲያ ያለ ለቅሶ እኔ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ደምሴ ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብለው "ሰማሽ?" ሲሉ ሰማኋቸው። "ለኔ ብለው አይደለም።"

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ ቄስ ታምሩ ቁልፌን በጩቤ ቆርጠው ከበገናው አላቀቁኝ። በገናውና የማገጡ ሦስት ቅጠል መቃብሩ ላይ ተቀመጡ። ማንም ሊነካቸው አልደፈረም። ሸማኔው ደጋኖቹ የሱ መሆናቸውን እያወቀ "ይቅርብኝ፤ አልፈልጋቸውም" ብሎ ሄደ።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ገባን። ንፍሮ ቀረበ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ደምሴ ከጎናቸው ሰፊ ምንጣፍ አስነጥፈዋል። ማንም አልተቀመጠበትም፤ "ተጠጉ" የሚል አስተናጋጅም አልነበረም። እንደ ድሮው ቢሆን እኔ ጥግ ይዤ ንፍሮዬን እቆረጥም ነበር። እትዬ ዘይነባ ግን ማንቆርቆሪያና ሳፋ አስያዙኝ፤ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "ሰውን አስታጥብ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ።

አንድ በአንድ እያስታጠብኩ መጣሁ። ምንጣፉ ጋ ስደርስ ላልፈው ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩኝ። አገጫቸውን ወደ ባዶው ቦታ ቀና አደረጉ። ጎንበስ አልኩ። ሳፋውን ምንጣፉ ፊት ያዝኩና ማንቆርቆሪያውን አዘነበልኩ።

ውኃው ቀጥ ብሎ ሳፋው ላይ መውረድ ነበረበት። አልወረደም። መሐል ላይ ተከፈለ፤ ግራና ቀኝ ተበተነና ሰው እጁን ሲያሻሽ እንደሚንጠባጠበው ተንጠባጠበ። ጥለህ ውጣ፣ ጥለህ ውጣ ይለኛል ውስጤ። እንግዳ ታጥቦ ሳይጨርስ ግን ማንቆርቆሪያ አይነሳም፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። ጠበቅሁ። ውኃው እንደገና ቀጥ ብሎ መውረድ ሲጀምር ማንቆርቆሪያውን አቀናሁና ዓይኔን ጨፍኜ ፎጣውን ዘረጋሁ።

ማን እንደተቀበለኝ አላየሁም። ሲመለስልኝ ግን እርጥብ ነበር።